የሻንጋዩ ቀይ ሕንፃ ጥፋት የለበትም አላልኩም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር እኔም ጋ ደረሰ። ሦስት ጓደኞቼ ናቸው የላኩልኝ። አንደኛው «አንተ ቻይና ተምረህ የለ፣ እስቲ መልስለት» ብሎ አክሎበታል። ነገሩ በ2010 በሻንጋይ ኤክስፖ (አገሮች ራሳቸውን የሚያሳዩበት ዓለም አቀፍ ትርዒት) ስለቆመው የቻይና ፓቪሊዮን፣ ማለትም የማሳያ ሕንፃ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አለዚያ ተያይዘን መጥፋታችን ነው።) ያንን ግዙፍ ቀይ ሕንፃ ሳታስታውሱት አትቀሩም። ከታች ጠበብ ብሎ ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ እየሰፋ የሚሄደው፣ ከሩቅ ሲያዩት ተገልብጦ የቆመ ፒራሚድ የሚመስለው። ቻይናውያን «የምሥራቅ ዘውድ» ይሉታል።

ጸሐፊው የሚለው ባጭሩ ይህን ነው። ሕንፃው ባዶ ፕሮፓጋንዳ ነው። ዲዛይኑ ከጃፓን የተሰረቀ ነው። ለስድስት ወር ትርዒት ገንዘብ ፈሰሰበት። ቻይና ለኤክስፖ እንግዳ ናት፣ ትናንት መጥታ በመጠን ልትበልጥ ሞከረች። አፍሪካን አንድ አዳራሽ ውስጥ አጉራ ናቀቻት። ሕዝቡም ወዶ ሳይሆን ተነድቶ ነው የመጣው።

ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ትቼው እተኛ ነበር። ችግሩ ግማሽ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ወንድማችን ሊከሰስ የሚገባውን ሕንፃ ባልሠራው ወንጀል ከስሶ፣ የሠራውን ሳያነሳበት አለፈ።

ከስርቆቱ ልጀምር፤ ሰው ሁሉ እየተቀባበለ የሚያወራው እሱን ስለሆነ።

ጸሐፊው ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጧል። አንዱ በ1992 በስፔን ሴቪያ ኤክስፖ ታዳኦ አንዶ የሠራው የጃፓን ፓቪሊዮን ነው፣ ሌላው የሻንጋዩ። አንዶ ግንድ በግንድ ላይ አነባብሮ ወደ ላይ እንደ ዛፍ እንዲዘረጋ አድርጎታል። መመሳሰሉን አልክድም። ያኔ ቻይናውያን ራሳቸው በኢንተርኔት ተነታርከውበታል፣ አዲስ ግኝት አይደለም።

ግን ሁለቱም የቀዱት ከአንድ ጉድጓድ ነው። ቻይናዎች ዶውጎንግ የሚሉት ነገር አለ። በምሰሶው ራስና በጣሪያው ተሸካሚ መካከል የሚገባ ነው። አጫጭር እንጨቶች እየተጠላለፉ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ፣ ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል። ሥራው ደግሞ ጌጥ አይደለም፣ ወደ ውጭ በጣም የወጣውን የጣሪያ ከንፈር ተሸክሞ ክብደቱን ወደ ምሰሶው ማውረድ ነው። የሚገጣጠመውም ያለ ምስማር ነው። በ1103 የወጣ የመንግሥት የግንባታ መመሪያ አለ፤ የእንጨቶቹን ልክ ሳይቀር አንድ በአንድ ይደነግጋል። ጃፓን ይህን ሙያ ያገኘችው ከቡዲዝም ጋር፣ በኮሪያ በኩል አድርጎ ነው። ከዚያ በራሷ መንገድ አሳደገችው፣ ይኼ ደግሞ ክብሯ ነው። የአጎት ልጆች ተመሳሰሉ ብሎ ፖሊስ የሚጠራ ሰው አይቼ አላውቅም።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ ከሕንፃው ትንሽ ያርቀናል ግን ተመልሰን እንመጣለን። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የጃፓን ምሁራን፣ ቻይና ውስጥ የታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (ከ7ኛው እስከ 10ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ) የእንጨት ሕንፃ አንድም አልተረፈም፣ ማየት የፈለገ ጃፓን፣ ናራ ይምጣ ይሉ ነበር። በ1937 ሊያንግ ሲቸንግና ባለቤቱ ሊን ሁዪዪን፣ ሁለቱም የሥነ ሕንፃ ታሪክ አጥኚዎች፣ በበቅሎ ተራራ ወጥተው ፎጓንግ የሚባለውን ቤተ መቅደስ አገኙ። ጣሪያው ውስጥ ገብተው በሌሊት ወፍና በአቧራ መካከል ሲለኩ ሰነበቱ። ከዋናው ተሸካሚ ግንድ ሥር የደበዘዘውን የቀለም ጽሕፈት ያየችው ሊን ናት። ታጥቦ ሲነበብ ሕንፃውን ያሠራችው ሴት ስም ወጣ፣ ዘመኑም 857 ሆነ። የዚያ አዳራሽ ዶውጎንግ ቁመት የምሰሶውን ግማሽ ያህላል። እንግዲህ ቻይናዊ አርክቴክት በ2007 ወረቀት ዘርግቶ ሲቀመጥ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ይህ ነው ወይስ ሴቪያ? ለውድድሩ 344 ንድፍ ነው የቀረበው። የመጨረሻውን ንድፍ የመራው ሄ ጂንግታንግ ያኔ ወደ ሰባ ዓመት የተጠጋ፣ የጓንጁ የዩኒቨርሲቲ ሰው ነው።

አሁን ጸሐፊው ያላየውን ጥፋት ልጠቁመው። እኔ ብሆን ያንን ሕንፃ የምከሰው በስርቆት ሳይሆን በማስመሰል ነበር። ተደራርበው የምታዩዋቸው ቀያይ ግንዶች ግንዶች አይደሉም፣ ብረት ናቸው። እንደ እውነተኛው ዶውጎንግ እየተጠላለፉ ክብደቱን ወደ ምሰሶ የሚያወርዱም አይደሉም። ያንን ሁሉ ነገር ወደ ላይ አንስቶ የያዘው አራት ወፋፍራም የኮንክሪት ማማ ነው፤ ሊፍቱም ደረጃውም በእነሱ ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ቀዩ የለበሰው ልብስ ነው። ይኼ ከፎቶ ማስተያየት የተሻለ ክስ ይመስለኛል።

ግን ይህንኑ ክስ ይዤ ትንሽ ስሄድ ራሴን አክሱም አገኘሁት። ሐውልቶቹን በደንብ ያየ ሰው ያውቃል፣ በር ተቀርጾባቸዋል፣ መስኮት ተቀርጾባቸዋል፣ በየፎቁ መካከል ደግሞ ክብ ክብ ነገር ተደርድሯል። እሱ ከግድግዳ ወደ ውጭ የወጣ የእንጨት ጫፍ ነው፣ «የዝንጀሮ ራስ» የምንለው። ደብረ ዳሞ ላይ እውነተኛው እንጨት እስከ ዛሬ ግድግዳውን ሰቅዞ ይዟል። አክሱም ላይ ግን ድንጋይ ሆኗል፣ ምንም አይሸከምም፣ ከኋላው ክፍል የለም፣ በሩም አይከፈትም። ላሊበላ ደግሞ ቤተ አማኑኤልን እዩ፣ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ ሲያበቃ በእንጨትና በድንጋይ ረድፍ የታነጸ መስሎ ተቀርጿል። አባቶቻችን አስመሳዮች ነበሩ እንበል? ሰው የሚወደውን ቅርጽ ከእንጨቱ ለይቶ ወደ ድንጋይ ይወስደዋል፤ ይህ ከጥንት ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ የማስመሰሉን ክስ ራሴ አቅርቤ ራሴ ግማሹን አንስቻለሁ። ግማሹን ብቻ ነው ያልኩት! የአክሱሙ ጠራቢ በእጁ ያለውን ቴክኒክ እስከ መጨረሻው ገፍቶታል፣ አንድ ድንጋይ 24 ሜትር አቁሟል። የሻንጋዩ ብረት ግን ሌላም ቅርጽ ቢሰጡት ያው በሠራ ነበር።

ፕሮፓጋንዳ ነው ለሚለው ብዙ ጊዜ አላጠፋም። አዎ ነው። ብሔራዊ ፓቪሊዮን ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? አይፍል ታወር በ1889 የቆመው የፈረንሳይ አብዮት መቶኛ ዓመት ሲከበር በተደረገ ኤክስፖ ነው። በ1937 ፓሪስ ላይ የናዚ ጀርመንና የሶቪየት ፓቪሊዮኖች ፊት ለፊት ተፋጠው ቆመው ነበር፤ አንዱ ንስሩን ሌላው መዶሻና ማጭዱን ሰቅሎ። ከዚያ ጋር ሲተያይ የሻንጋዩ ጨዋ ነው። ጸሐፊው «ባዶ» ማለቱን ግን አልቀበልም። ውስጡ ምን እንደነበር አንድ መስመር አልጻፈም፣ መግባቱንም እጠራጠራለሁ። ከላይ ፊልም ነበር፣ ከሥሩ በትንሽ ባቡር ተቀምጠው የሚዞሩበት ክፍል፣ ቀጥሎ ስለ ካርቦን ቅነሳ የሚያወራ ክፍል (እሱ እውነትም ደረቅ ነበር ይባላል)። ከቀዩ ሕንፃ ግርጌ ባለው ሰፊ መሠረት ላይ ደግሞ 31ዱ ክፍለ ሀገራትና ትልልቅ ከተሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አዳራሽ ነበራቸው። ውስጡ ሰው ሁሉ የሚያወራለት አንድ ስዕልም ነበር፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ገንዘቡ። ሕንፃው 220 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደወጣበት ይገመታል። ብዙ ነው፣ አልከራከርም። «ለስድስት ወር» የሚለው ግን ስህተት ነው። ለስድስት ወር ብቻ የሚቆሙት አብዛኞቹ ሌሎቹ ናቸው። እዚያው ኤክስፖ ላይ የእንግሊዝ ፓቪሊዮን ነበር፣ ቶማስ ሄዘርዊክ የሠራው፣ ጫፋቸው ላይ ዘር የታሸገባቸው 60 ሺህ ረጃጅም የአክሪሊክ ዘንጎች ከየአቅጣጫው የወጡበት፣ ከሩቅ ጃርት የሚመስል። ከሁሉም አገር ፓቪሊዮን እሱን ነው የምወደው፤ ኤክስፖው ሲያበቃ ግን ፈርሷል። የቻይናው ቀረ። ኦክቶበር 1 ቀን 2012 የቻይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። እስከ ዛሬ ሰው ይገባበታል። ለስዕል የተመቸ ቤት ነው ወይ ካላችሁኝ፣ አይደለም። በጣም ትልቅ ነው፣ ግራ ያጋባል፣ እኔ አንድ ፎቅ ላይ መውጫውን ፍለጋ ሁለት ጊዜ ዞሬአለሁ። ግን ፈረሰ ከሚባል ሕንፃ ውስጥ መጥፋት አይቻልም መቸም።

ወጪን ካነሳን አይቀር፣ ጸሐፊው ዶላሩን ቆጥሮ ሰዎቹን ረስቷል። ለኤክስፖው በኋንግፑ ወንዝ ግራና ቀኝ ከአምስት ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ቦታ ተጠርጓል። 18 ሺህ ያህል ቤተሰብ ተነስቷል። 270 ገደማ ፋብሪካ ተነስቷል፤ ከ1865 ጀምሮ የነበረው የጂያንግናን የመርከብ ግንባታ ሳይቀር። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሰፈር ሲነሳ ዕድሩም፣ ዱቤ የሚሰጠው ሱቅም፣ ጎረቤትም አብሮ ነው የሚበተነው። የኤክስፖው መፈክር «የተሻለ ከተማ፣ የተሻለ ሕይወት» ነበር። እዚህ ላይ ቢመታ ኖሮ እኔም አብሬው እጮህ ነበር። እሱ ግን ቀለሙ ዓይን ይወጋል በሚለው ላይ ሁለት አንቀጽ ጨርሷል።

ቻይና ለኤክስፖ እንግዳ ናት የሚለውስ? እዚህ ጋ በጣም ነው የተሳሳተው፣ ታሪኩ ደግሞ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው።

በ1851 ለንደን የመጀመሪያው ታላቅ ኤግዚቢሽን ሲከፈት የቻይና መንግሥት አልተሳተፈም። የቻይና ተብሎ የቀረበውን ዕቃ ያሰባሰቡት በአብዛኛው የእንግሊዝ ነጋዴዎች ናቸው። በመክፈቻው ቀን ግን አንድ የቻይና ልብሱን በሥርዓት የለበሰ ሰውዬ ከሕዝቡ መሃል ወጥቶ ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት እጅ ነሳ። ማንነቱን የሚያውቅ የለም። ትልቅ ሹም መሆን አለበት ብለው ከዲፕሎማቶቹ ጋር አሰለፉት። ሰውዬው ቴምዝ ላይ ቆማ ለሰው በገንዘብ ትታይ ከነበረች የቻይና ጀልባ የመጣ ነበር እንጂ ማንንም አይወክልም። የመክፈቻውን ሥርዓት ባሳየው ትልቅ ሥዕል ውስጥም አለ፤ ከተጋባዦቹ ጋር፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ። ይህን ሰውዬ በጣም ነው የምወደው። ማንም ሳይጠራው አገር ወክሎ ተመለሰ።

በ1873 ቪየና ላይ ቻይና በይፋ ቀረበች፣ ግን ዝግጅቱን የያዘው የቻይና ጉምሩክ ነው፣ ጉምሩኩን የሚመራው ደግሞ ሮበርት ሃርት የሚባል የአየርላንድ ተወላጅ ነበር። ፊላደልፊያ በ1876ም እንዲሁ። የትኛው ሸክላ፣ የትኛው ሐር ቻይናን ይግለጽ የሚለውን በአብዛኛው የሚመርጡት የውጭ ሰዎች ነበሩ። በ1904 አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ሲደርሱ የመጨረሻው የቻይና ንጉሣዊ ሥርወ መንግሥት፣ ቺንግ፣ ልዑል ልኮ፣ ፓቪሊዮን ሠርቶ፣ የእቴጌ ሲሺን ትልቅ የቀለም ሥዕል ላከ። ሥዕሉን የሠራችው ካትሪን ካርል የምትባል አሜሪካዊት ናት። በዚያው ዘመን አሜሪካ ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ ነበራት፤ የእቴጌዋ ሥዕል ገባ፣ ሠራተኛው ግን በር ላይ ቀረ ማለት ነው። ከዚያ ብዙ ነገር ሆነ፣ ጦርነትም አብዮትም። የዛሬዋ ሕዝባዊት ቻይና ወደ ኤክስፖ የመጣችው በ1982 ኖክስቪል፣ ቴነሲ ላይ ነው። ከታላቁ ግንብ ጡብ ይዛ ነበር የመጣችው። (እግረ መንገዴን፣ በ1967 ሞንትሪያል ኤክስፖ ላይ ኢትዮጵያ የራሷ ፓቪሊዮን ነበራት፣ ጃንሆይም ሄደው ጎብኝተዋል። ሕዝባዊት ቻይና ያኔ አልነበረችም። ይህን ለቻይናውያን ጓደኞቼ ስነግር ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ።)

እንግዲህ በ2010 ያቆሙት ነገር ለምን ከ60 ሜትር በላይ እንደረዘመ፣ ለምን ከሁሉም በላይ እንደሆነ፣ ለምን ያን ያህል እንደቀላ ከዚህ ታሪክ ጋር ነው መነበብ ያለበት። መቶ ምናምን ዓመት ሌላ ሰው ሲያስተዋውቅህ ኖረህ ማይክሮፎኑ እጅህ ሲገባ ትጮሃለህ። ጩኸቱ ደስ ላይል ይችላል። እኔም ጆሮዬን የያዝኩበት ቀን አለ። እንግዳ ግን አይደለም።

ስለ አፍሪካ የጋራ ፓቪሊዮን የጻፈው ላይ እኩል ለእኩል ነን። 42 አገሮችና የአፍሪካ ኅብረት አንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ፣ 26 ሺህ ስኩዌር ሜትር ላይ። ይህ ማጎሪያ አይባልም። የራስን ፓቪሊዮን ማቆም ስንት እንደሚያስወጣ ከላይ አይተናል፤ አዘጋጇ ለታዳጊ አገሮች መሳተፊያ 100 ሚሊዮን ዶላር መድባ ነበር። ገብቼ አይቼዋለሁ፣ ሙቀትም ከበሮም ነበረው። ነገር ግን መሃሉ ገበያ ነበር፣ የእንጨት ቀጭኔ፣ ዶቃ፣ ጭንብል። ልጆቹ ደግሞ የሚመጡት ለማኅተም ነው። የኤክስፖ ፓስፖርት የሚባል ትንሽ ደብተር ይሸጥ ነበር፣ በየአገሩ ማኅተም የሚመታበት፤ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እየሮጡ አስመትተው ይወጣሉ፣ ቀና ብሎ ያየ የለም። አንዱን ልጅ «ይህ የማን አገር ነው?» ብዬ ብጠይቀው ማኅተሙን አይቶ ነው ያነበበልኝ። በኋላ ዱባይ በኤክስፖ 2020 ለእያንዳንዱ አገር የየራሱን ፓቪሊዮን ስትሰጥ፣ ዱባይ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ነገሩ ሌላ ሆነ። ስለዚህ ይቻል ነበር ለሚለው እስማማለሁ። ንቀት ለሚለው ግን ማስረጃ ያምጣ።

ሕዝቡ ተነድቶ መጣ የሚለው የመጨረሻው ነው። መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ በአውቶቡስ ጭነው ያመጡ ነበር፣ እውነት ነው። ለእያንዳንዱ የሻንጋይ ቤተሰብም ነፃ ትኬት ተሰጥቷል። በስድስት ወር 73 ሚሊዮን ጉብኝት፣ ኦክቶበር 16 በአንድ ቀን ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው። ቁጥሩ ያለ ግፊት አይመጣም። ግን ተነድቶ የመጣ ሰው ለሳዑዲ ፓቪሊዮን ስምንት ዘጠኝ ሰዓት አይሰለፍም። ሰዉ ታጣፊ በርጩማ ይዞ፣ ኑድል ይዞ፣ አያቱን ይዞ ተሰልፎ ነበር። ወደ ቻይናው ለመግባት ደግሞ ጠዋት በር ላይ የሚታደል የቀጠሮ ወረቀት ያስፈልጋል። እኔ በሴፕቴምበር ሌሊቱን በባቡር መጥቼ ጠዋት በር ላይ ስደርስ አልቋል ተባልኩ። ከሥሩ ቆሜ አንጋጥጬ አይቼ፣ ፎቶ ተነስቼ ተመለስኩ። ጥላው ጥሩ ነበር፣ ሙቀቱ አይጣል ነው።

የገባሁት ሙዚየም ከሆነ በኋላ ነው፣ በ2013። መግቢያው ነፃ ነበር። ኤክስፖው ላይ ሰው ሁሉ የሚያወራለት ስዕል እዚያው ቀርቷል። ዋናው ስዕል ጃንግ ዜዱዋን በ12ኛው ክፍለ ዘመን የሳለው፣ አምስት ሜትር ትንሽ አለፍ የሚል፣ በሐር ላይ የተሠራ ጥቅል ነው፣ የካይፈንግ ከተማን የወንዝ ዳር ኑሮ ያሳያል። ለፓቪሊዮኑ ይህንን ከ100 ሜትር በላይ አድርገው ግድግዳ ላይ ለቀቁት፣ ሰዎቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይመሻል፣ መብራት ይበራል፣ ይነጋል። ግመል ያልፋል። ሻይ የሚጠጣ አለ፣ የሚጣላ አለ። መሃል ላይ አንድ ትልቅ ድልድይ አለ፣ ከሥሩ ጀልባ ሊያልፍ ነው፣ የጀልባው ምሰሶ ገና እየወረደ ነው፣ ድልድዩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ተንጠራርቶ ይጮኻል። እዚያ ጋ አንድ ሽማግሌና ባለቤቱ ቆመው ይከራከሩ ነበር። እሱ ያልፋል ይላል፣ እሷ ይጋጫል ትላለች። ወደ ሌላው ጫፍ ሄጄ፣ አይቼ፣ ስመለስ ገና እዚያው ናቸው። አሁን ደግሞ የሆነ የማያውቁትን ወጣት ዳኛ አድርገው ይዘውት ነበር።